ሹመትና ሽልማት፦ ጊዜያዊ አሰልጣኝ እንደ ታሪክ ምንጭ



የዛሬው ርእስ በታሪክ ትምህርት ክፍል መድረክ ላይ ሲነበብ ፈገግ ያላችሁ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ጥያቄው ከዚህ ግቢ በር ወጣ ብሎ ባለ በማንኛውም ሻይ ቤት በየሳምንቱ የሚነሣ ነው፤ አንድ የእግር ኳስ ክለብ ጊዜያዊ አሰልጣኙን ቋሚ ሊያደርገው ይገባልን? እዚህ ያመጣሁት እግር ኳስ ስለምወድ ብቻ አይደለም፤ መውደዴን ግን አልክድም። ጥያቄው በመሠረቱ የማስረጃ ጥያቄ ነው። በአጭር ጊዜና በልዩ ሁኔታ ውስጥ የተሰጠ ምስክርነት ስለ ረጅሙ ጊዜ ምን ያህል ይነግረናል? እኛ በዚህ ትምህርት ክፍል ደመወዝ የሚከፈለን ይህን ለመጠየቅ ነው። ደግሞም እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ይህንኑ ጥያቄ በተማሪዎች ፊት ተጠይቄ በችኮላ መልሼዋለሁና የቆየ ዕዳ አለብኝ።

ሌላ ካልገለጽሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዕዳው እንዲህ ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ረቡዕ ማታ፣ የዓድዋ በዓል ካለፈ በአራተኛው ቀን፣ ማንቸስተር ዩናይትድ በፓሪስ ከፓሪስ ሴንት ዠርመ ጋር ተጫወተ። በእኛ ሰዓት ጨዋታው የተጀመረው ማታ 5 ሰዓት ሲሆን ያለቀው ወደ ሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነው። ዩናይትድ በሜዳው 2 ለ 0 ተሸንፎ ነበር የሄደው፤ አሥር ያህል የመጀመሪያ ቡድን ተጫዋቾችም አልነበሩትም። 3 ለ 1 አሸነፈ፤ በጊዜው በነበረው ደንብ ከሜዳው ውጭ ባገባቸው ጎሎች ብልጫ ወደ ሩብ ፍጻሜ አለፈ። በቻምፒየንስ ሊግ የመጀመሪያውን ጨዋታ በሜዳው በሁለት ጎል ልዩነት ተሸንፎ ከሜዳው ውጭ የቀለበሰ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት የነበረኝ ክፍለ ጊዜ የታሪክ አጻጻፍ ዘዴ ነበር። ገና መዝገቤን ሳልከፍት አንድ ተማሪ ከኋላ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ ሶልሻየርን ቋሚ ያድርጉት ወይስ አያድርጉት?» አለ። እኔም ሳላቅማማ «ዛሬውኑ!» አልሁ። ክፍሉ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል አንድ ምስክር የተናገረውን ከመቀበላችን በፊት መቼ፣ የትና በምን ሁኔታ እንደተናገረ መጠየቅ እንዳለብን አስተማርሁ። በሁለቱ ነገሮች መካከል ያለውን ተቃርኖ ከክፍሉ አንድም ሰው አላስተዋለም፤ አስተማሪውን ጨምሮ።

ወደ ነገሩ መነሻ እንመለስ። ዲሴምበር 16 ቀን 2018 ዩናይትድ በአንፊልድ በሊቨርፑል 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጆዜ ሞሪኒዮ ተሰናበተ። ቡድኑ በ17 ጨዋታ 26 ነጥብ ይዞ ስድስተኛ ነበር፤ ከመሪው ሊቨርፑል በ19 ነጥብ ርቆ። በማግስቱ ኦሌ ጉናር ሶልሻየር እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ ጊዜያዊ አሰልጣኝ ሆኖ ተሾመ። የኖርዌዩ ሞልደ አሰልጣኝ ነበርና ከዚያ በውሰት እንደመጣ ያህል ነበር። ተጫዋች ሳለ ለዩናይትድ 126 ጎል አግብቷል፤ ከሁሉም የሚታወሰው ግን ሜይ 26 ቀን 1999 በባርሴሎና ከተማ ባየርን ሙኒክ ላይ በተጨማሪ ደቂቃ ያገባው የዋንጫ ጎል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። በእኛ ቋንቋ «ተጠባባቂ» የሚለው ቃል ሁለት ሰዎችን ይጠራል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቀውን ተጫዋችና ባለቤቱ በሌለበት ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሹም። ሶልሻየር ሁለቱንም ነበር፤ በ1999ም የገባው ተቀይሮ ነው። እንግሊዞች ለጊዜያዊ አሰልጣኝ የሚጠቀሙበት የቆየ ቃል ደግሞ ቀጥተኛ ፍቺው ቤት ጠባቂ እንደ ማለት ነው። ቤት ጠባቂ ቤቱን አያፈርስም፣ አይሠራም፤ ባለቤቱ እስኪመጣ እሳቱ እንዳይጠፋ ያደርጋል። የቃሉን የመጀመሪያ ትርጉም ሙሉ በሙሉ የኖረው የዚያው ክለብ ሰው ጂሚ መርፊ ነው። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1958 የዩናይትድን ቡድን የያዘው አውሮፕላን ሙኒክ ላይ ሲከሰከስ 23 ሰዎች ሞቱ፤ ስምንቱ ተጫዋቾች ነበሩ። ዋናው አሰልጣኝ ማት በዝቢ ክፉኛ ቆስሎ ሆስፒታል ተኛ። ምክትሉ መርፊ ከአደጋው የተረፈው የዌልስ ብሔራዊ ቡድንንም ያሠለጥን ስለነበረ፣ በዚያ ሳምንት ከእስራኤል ጋር ለሚደረገው ጨዋታ ካርዲፍ በመሄዱ ነው። መርፊ ከወጣቶችና በችኮላ ከተገዙ ተጫዋቾች ቡድን አቋቋመ፤ አደጋው በደረሰ በ13ኛው ቀን ሼፊልድ ዌንስደይን 3 ለ 0 አሸነፈ፤ እስከ ኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ደርሶ በቦልተን 2 ለ 0 ተሸነፈ። በሊጉ ግን ከቀሩት 14 ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በዝቢ ተመለሰ፣ መርፊም ወደ ምክትልነቱ ተመለሰ። የመርፊን ጊዜ ለቋሚነት እንደተደረገ ፈተና የቆጠረው ሰው አልነበረም። ጊዜያዊነት የሥራ ማመልከቻ የሆነው በኋላ ነው፤ የ2019ኙ ችግርም ከዚህ ይጀምራል።

አሁን ምስክርነቱን እንመርምር። ሶልሻየር የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። ዲሴምበር 22 ካርዲፍን በሜዳው 5 ለ 1፤ ዩናይትድ በሊግ ጨዋታ አምስት ጎል ሲያገባ ከአሌክስ ፈርጉሰን የመጨረሻ ጨዋታ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ቀጥሎ ሀደርስፊልድ፣ በርንማውዝ፣ ኒውካስል፣ ሬዲንግ፣ ቶተንሃም፣ ብራይተን፣ አርሰናል። ይህን ዝርዝር እንደ ማንኛውም ሰነድ እናንብበው። ካርዲፍና ሀደርስፊልድ በዚያው ዓመት ከሊጉ ወረዱ። ብራይተን 17ኛ፣ በርንማውዝ 14ኛ፣ ኒውካስል 13ኛ ሆነው ጨረሱ። ሬዲንግ ከአንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ሊግ ነበር። ከስምንቱ ጠንካራ ሊባሉ የሚችሉት ቶተንሃምና አርሰናል ሁለቱ ናቸው፤ በቶተንሃሙ 1 ለ 0 ድል ደግሞ ግብ ጠባቂው ዳቪድ ዴ ኽያ 11 ኳሶችን አድኗል። ይህን የምለው ድሎቹን ለማናናቅ አይደለም። ከፊታችሁ ያለ ተጋጣሚን ከማሸነፍ በላይ የሚጠየቅ የለም። ነገር ግን ድሉ የማንን ችሎታ ይመሰክራል ብሎ መጠየቅ ሌላ ጉዳይ ነው።

የፓሪሱን ሌሊት ደግሞ ጎል በጎል እንየው፤ እኔን ያሳሳተኝ እርሱ ነውና። የመጀመሪያው ጎል በሁለተኛው ደቂቃ ተቆጠረ፤ የፓሪሱ ተከላካይ ቲሎ ኬረር ወደ ኋላ ያቀበለው ደካማ ኳስ ሉካኩ እግር ላይ ወደቀ። ሁለተኛው፣ ራሽፎርድ ከሩቅ የመታውን ኳስ አንጋፋው ግብ ጠባቂ ቡፎን መያዝ አቅቶት ለሉካኩ ተፋው። ሦስተኛው፣ ዳሎ የመታው ኳስ የኪምፔምቤን እጅ ነክቶ ወጣ፤ ዳኛው ምስሉን በቪዲዮ አይቶ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ ራሽፎርድ በተጨማሪ ደቂቃ አገባው። ሦስቱም ጎሎች ከተጋጣሚ ስሕተት የተገኙ ናቸው፤ ኳሱንም ለአብዛኛው ጊዜ የያዘው ፓሪስ ነበር። የቡድኑ ድፍረት፣ የተጫዋቾቹ እምነት፣ ወጣቶቹን ሳይፈሩ ማስገባት የአሰልጣኙ ሥራ ነው፤ አልነፍገውም። የቡፎን እጅ ግን የአሰልጣኙ ሥራ አይደለም። በዚያች ሌሊት የቀድሞው ተከላካይ ሪዮ ፈርዲናንድ በቴሌቪዥን ውሉ ተዘጋጅቶ ሶልሻየር የሚፈልገውን ደመወዝ ራሱ እንዲጽፍበት ጠየቀ። እኔ በማግስቱ በክፍሌ ያልሁት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

የምስክርነቱን ሁኔታ የሚመለከት፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሌላ ነገር አለ። ጊዜያዊ ሹም የማይጠየቅባቸው ውሳኔዎች አሉ። ይህን የምናገረው ከልምድ ነው፤ ከዓመታት በፊት ለአንድ ዓመት ከምናምን የአንድ ትምህርት ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ነበርሁ። በዚያ ጊዜ እንደተወደድሁ በሌላ ጊዜ ተወድጄ አላውቅም። ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቶ ነው። የፈቃድ ወረቀት እፈርማለሁ፣ ስብሰባ አሳጥራለሁ፣ ከእኔ በፊት የነበረው ኃላፊ ያስከፋቸውን ሰዎች ቢሮ ጠርቼ ሻይ እጋብዛለሁ። ሥርዓተ ትምህርቱን የመከለስ፣ ሁለት ኮርሶችን የማጠፍና የአንድን አንጋፋ ባልደረባ ክርክር የመቁረጥ ጉዳይ ግን «ቋሚው ሲመጣ» ተብሎ በመሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ማንንም ያላስቀየምሁት ምንም ስላልወሰንሁ ነበር። ሶልሻየርም በጃንዋሪ 2019 የዝውውር መስኮት ለዋናው ቡድን ማንንም አልገዛም። ማን እንዲቆይ፣ ማን እንዲሸጥ፣ የትኛው ባለ ትልቅ ደመወዝ ተጫዋች እንደማያስፈልግ መንገር አልነበረበትም። የተሰጠው ሥራ በሞሪኒዮ ዘመን ፊታቸው የጠቆረውን ተጫዋቾች ማስፈገግ ነበር፤ ያንን በሚያስደንቅ ሁኔታ ሠራው። ቋሚ አሰልጣኝ የሚፈተነው ግን በመሳቢያው ውስጥ ባለው ወረቀት ነው።

ማርች 28 ቀን 2019 ክለቡ ለሶልሻየር የሦስት ዓመት ውል ሰጠ። እስከዚያ ቀን 19 ጨዋታ አድርጎ 14 አሸንፏል፣ 2 አቻ ወጥቷል፣ 3 ተሸንፏል። በሊጉ ብቻ ከ39 ነጥብ 32ቱን ሰብስቧል። የክለቡ ሥራ አስፈጻሚ ምክትል ሊቀ መንበር ኤድ ውድዋርድ ውሳኔውን ሲያስታውቁ ከውጤቱ ባሻገር ልምዱን፣ ለወጣቶች ዕድል የመስጠት ፍላጎቱንና የክለቡን ባህል በጥልቀት ማወቁን ጠቀሱ። እነዚህ ምክንያቶች ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን የክለቡን ባህል ማወቁ ዲሴምበር 19ም የታወቀ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ማንም የሦስት ዓመት ውል አልሰጠውም። በሁለቱ ቀናት መካከል የተጨመረው ነገር ውጤት ነው።

ለምን ማርች 28? ይህ ነው የታሪክ ተማሪ ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ። ሶልሻየር እስከ ዓመቱ መጨረሻ ውል ነበረው። የሚያስገድድ ቀነ ገደብ አይታይም። ለክለቡ ፍትሐዊ ለመሆን፣ መቸኮል የራሱ አመክንዮ ነበረው፦ በበጋው ዝውውር ማን እንደሚወስን መታወቅ አለበት፤ ተጫዋቾች ነገ የማይኖር አለቃን አይሰሙም፤ ሞልደም መልስ ይጠብቅ ነበር። ደግሞም ውሳኔው በደስታ ስካር ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ከፓሪሱ ድል በኋላ ቡድኑ በአርሰናል 2 ለ 0፣ በኤፍ ኤ ካፕ ሩብ ፍጻሜ ደግሞ በዎልቭስ 2 ለ 1 ተሸንፎ ነበር። ክለቡ ሽንፈቶቹን አይቷል። እንደ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን እንደ ልዩ ሁኔታ አነበባቸው እንጂ።

በቋንቋችን «ሹመት ሽልማት» ተጣምሮ የሚነገር ሐረግ ነው። በነገሥታቱ ዘመን ጀግናው ከዘመቻ ሲመለስ ካባ ይደረብለታል፤ አገርም ይሾምበታል፤ ሁለቱ በአንድ አደባባይ፣ በአንድ ቀን ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች መልሶች ናቸው። ሽልማት «ይህ ሰው ምን አደረገ?» ለሚለው፣ ሹመት «ይህ ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል?» ለሚለው ነው። እኔ እንደምረዳው በማርች 28 ዩናይትድ ሽልማትን በሹመት ከፈለ። ለፓሪስ ሌሊት ምስጋና ይገባ ነበር፤ ምስጋናው የሦስት ዓመት ውል ሆነ።

ከውሉ በኋላ ምን ሆነ? ቡድኑ ከቀሩት 10 ጨዋታዎች ሁለቱን ብቻ አሸነፈ፤ ስድስቱን ተሸነፈ። በሊጉ ከ24 ነጥብ ያገኘው 8 ነው። በባርሴሎና በድምር 4 ለ 0 ከአውሮፓ ወጣ፤ በኤቨርተን 4 ለ 0 ተቀጣ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ተጋጣሚዎች እነማን ነበሩ? ሀደርስፊልድና ካርዲፍ፤ በዲሴምበር በደስታ የተሸነፉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ። አሁን ሁለቱም መውረዳቸው ተረጋግጦ ነበር። ሀደርስፊልድ 1 ለ 1 አቻ ወጣ፤ ካርዲፍ ኦልድ ትራፎርድ መጥቶ 2 ለ 0 አሸንፎ ሄደ። ዩናይትድ በ66 ነጥብ ስድስተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ሞሪኒዮ በተሰናበተበት ደረጃ ማለት ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትሉኝ፣ ከውጤቱ በኋላ ብልህ መሆን ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ማርች 28 ጠዋት በጠረጴዛው ላይ ምን ነበረ የሚለውን ነው። የተጋጣሚዎቹ ዝርዝር ነበረ። የፓሪሱ ሦስት ጎሎች ቪዲዮ ነበረ። የሰውዬው የቀድሞ መዝገብም ነበረ፦ በሞልደ በ2011 እና በ2012 የኖርዌይ ሊግ ሻምፒዮን፤ በካርዲፍ ደግሞ በጃንዋሪ 2014 ተሾሞ ቡድኑ በዚያው ዓመት ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፣ እርሱም በሴፕቴምበር ተለየ። በእንግሊዝ ሊግ ቋሚ አሰልጣኝ ሆኖ የሠራበት ብቸኛው ማስረጃ ይህ የካርዲፉ ነበር። ከጥቂት ወራት የቅርብ ድምቀት የተነሣ ማንም አላነሣውም። እኛ በማኅደር ሥራ ይህን በሽታ እናውቀዋለን፤ የሚያምር አዲስ ሰነድ ሲገኝ አሮጌው ሳጥን ይረሳል።

ይህ የአንድ ክለብ ድክመት እንዳይመስላችሁ ወደ ለንደን እንሻገር። ማርች 4 ቀን 2012 ቼልሲ አንድሬ ቪላስ ቦአስን አሰናብቶ ምክትሉን ሮቤርቶ ዲ ማቴዮን ጊዜያዊ አሰልጣኝ አደረገ፤ እርሱም የክለቡ የቀድሞ ተጫዋች ነው። ዲ ማቴዮ በሁለት ወር ተኩል ኤፍ ኤ ካፕንና ቻምፒየንስ ሊግን አነሣ፤ ሁለተኛውን ሜይ 19 በሙኒክ፣ በባየርን ገዛ ሜዳ፣ በመለያ ምት። ከዚህ በላይ ጊዜያዊ አሰልጣኝ ሊያደርግ የሚችል ነገር የለም። ክለቡ ግን 25 ቀን ያህል ዝም አለ። ዝምታው ብዙ ይናገራል፤ ባለቤቶቹ ሰውዬውን አልፈለጉትም፣ የአውሮፓን ዋንጫ ያመጣ ሰውን አባርሮ ደጋፊ ፊት መቆምም አልተቻለም። ጁን 13 የሁለት ዓመት ውል ተሰጠው። በዚያው በጋ ክለቡ ኤደን ሃዛርድንና ኦስካርን ገዛ፤ የባርሴሎናንና የባየርንን ጥቃት ተከልሎ በትዕግሥት የተረፈው ቡድን አሁን ኳስ ይዞ እንዲያጠቃ ተፈለገ። ምስክርነቱ የተሰጠው ስለ አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ ሹመቱ ለሌላ ሥራ ሆነ። ኖቬምበር 20 በዩቬንቱስ 3 ለ 0 ተሸነፈ፤ በማግስቱ ተባረረ። የተካው ራፋኤል ቤኒቴዝ ከማዕረጉ ላይ «ጊዜያዊ» የሚል ቅጽል ተለጥፎበት ነበር፤ በቃሉ እስከ ምሬት ድረስ ተበሳጭቷል፤ ሆኖም ዩሮፓ ሊግን አንሥቶ ሦስተኛ ሆኖ ጨርሶ፣ በተባለው ቀን ሄደ። ለእኔ ቤኒቴዝ ከዲ ማቴዮ ይልቅ በክብር ተስተናግዷል ብዬ አስባለሁ፤ ብዙዎቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ።

የሙኒኩ ክለብ ያደረገው ግን የተለየ ነው። ኖቬምበር 2 ቀን 2019 ባየርን በፍራንክፈርት 5 ለ 1 ተሸነፈ፤ በማግስቱ ኒኮ ኮቫች ለቀቀ። ረዳቱ ሀንሲ ፍሊክ ጊዜያዊ ሆነ። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ዶርትሙንድን 4 ለ 0 አሸነፈ። ደጋፊው «ቋሚ ይሁን» አለ። ክለቡ ምን አደረገ? መጀመሪያ እስከ ገና ገደማ እንዲቀጥል አለ። በመካከሉ ፍሊክ በሊቨርኩሰንና በሞንሽንግላድባክ በተከታታይ ተሸነፈ፤ ክለቡ አልደነገጠም፣ አልቸኮለምም። ዲሴምበር 22 እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ አራዘመለት። ኤፕሪል 3 ቀን 2020፣ ኳሱ በወረርሽኙ ምክንያት በቆመበትና ምንም ጭብጨባ በማይሰማበት ወቅት፣ እስከ 2023 የሚዘልቅ ውል ሰጠው። በዚያው ዓመት ሦስቱን ዋንጫዎች ወሰደ፤ በኦገስት ባርሴሎናን 8 ለ 2 አሸነፈ። እኔን የሚገርመኝ 8 ለ 2ቱ አይደለም። እያንዳንዱ እርምጃ ሊታረም የሚችል መሆኑ፣ ጊዜያዊው ሰው ሲሸነፍም የታየ መሆኑ፣ ትልቁ ፊርማም ስታዲየሞች ጸጥ ባሉበት ሳምንት መሆኑ ነው።

ምሳሌዎችን መርጬ ነው የምናገረው የሚል ክስ ይመጣብኛል፤ ትክክል ነው። ስለዚህ ክርክሬን የሚያውክ አንዱን ራሴ ላቅርብ። ሶልሻየር ሞልደን ለቅቆ ሲሄድ ክለቡን በጊዜያዊነት የያዘው ረዳቱ ኤርሊንግ ሙ ነበር። በ2019 ቋሚ ተደረገ፤ በዚያው ዓመትም ሞልደን የኖርዌይ ሊግ ሻምፒዮን አደረገ። እንግዲህ አንዱ ጊዜያዊ ማንቸስተር ላይ ሲቸገር፣ የእርሱ ጊዜያዊ አገር ቤት ዋንጫ አነሣ። ልዩነቱ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ሙ የተሾመው አስቀድሞ ይሠራው ለነበረ፣ ለሚያውቀው መጠን ሥራ ነው። መልሴ ግን ሙሉ ማብራሪያ እንዳልሆነ አምናለሁ።

ለሶልሻየርም ፍርድ ማጉደል አልፈልግም። በ2019/20 ቡድኑን ሦስተኛ፣ በ2020/21 ደግሞ በ74 ነጥብ ሁለተኛ አደረገው። ከፈርጉሰን በኋላ እስከዚያ ድረስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከሦስቱ ውስጥ ያስገባ ሌላ አሰልጣኝ አልነበረም። ሜይ 26 ቀን 2021፣ የባርሴሎናው ጎል በተቆጠረ በ22ኛው ዓመት በዕለቱ፣ በግዳንስክ ከቪያሪያል ጋር በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ተገናኘ፤ 1 ለ 1 ተጠናቅቆ በመለያ ምት 11 ለ 10 ተሸነፈ። የመጨረሻውን ምት የሳተው ግብ ጠባቂው ዴ ኽያ ነው፤ ያ ቶተንሃም ላይ 11 ኳስ ያዳነው። አንዲት ኳስ ቢይዝ ኖሮ ዛሬ ሌላ ንግግር አደርግ ነበር ይሆናል፤ ቢሆንም የማርች 28ቱ ውሳኔ አሰጣጥ በዚያ አይቀየርም። ጥሩ ውሳኔ መጥፎ ውጤት፣ መጥፎ ውሳኔም ጥሩ ውጤት ሊኖረው ይችላል፤ ተማሪዎቼ ይህን በፈተና ወረቀት ላይ እንዲለዩልኝ በየዓመቱ እለምናለሁ።

ክለቡ ግን ከ2019 አልተማረም። በጁላይ 2021፣ እንደገና ከጥሩ ጊዜ ማግስት፣ ውሉን እስከ 2024 አራዘመ። ኦክቶበር 24 በኦልድ ትራፎርድ በሊቨርፑል 5 ለ 0 ሆነ። ኖቬምበር 20 በዋትፎርድ 4 ለ 1። በማግስቱ ተሰናበተ። የስንብት ቃለ ምልልሱን ያየ ሰው እንባ እንደተናነቀው ያስታውሳል። እዚህ ላይ ጉዳዩ ቀልድ መሆኑ ይቀራል። በ2019 ግንቦት ላይ ተመስግኖና ተጨብጭቦለት ወደ ሞልደ ቢመለስ ኖሮ፣ የፓሪስን ሌሊት ያመጣ፣ ምንም ዕዳ የሌለበት ሰው ሆኖ ይኖር ነበር። እኔን ጨምሮ «ዛሬውኑ!» ያልነው ሁሉ ውለታ የዋልንለት መስሎን ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይመለስ፤ ክለብ ጊዜያዊ አሰልጣኙን ቋሚ ያድርገው? ከዚያ ተማሪ ዛሬ ብጠየቅ እንዲህ እመልሳለሁ፦ ሊያደርገው ይችላል፤ ነገር ግን ውሉ እስኪያልቅ ያቆየው፣ ሲሸነፍ ይየው፣ በመሳቢያው ያለውን ወረቀት አውጥቶ አብሮት ያንብብ፤ ማንን ትሸጣለህ፣ የመጀመሪያው ዕቅድ ሲከሽፍ ሁለተኛህ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀው። የቀድሞ መዝገቡን ከሳጥን ያውጣ። ከሌሎች ዕጩዎችም ጋር እንደማንኛውም ዕጩ ያወዳድረው። በ2019 ጸደይ ጋዜጦች ከዩናይትድ ጋር አዘውትረው ያያዙት የነበረው የቶተንሃሙ ማውሪሲዮ ፖቼቲኖ በዚያው ዓመት ቡድኑን ለቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ አደረሰ፤ በኖቬምበር ደግሞ ተሰናብቶ ያለ ሥራ ነበር። ይህን በማርች ማወቅ አይቻልም ነበር፤ መጠበቅ ግን ይቻል ነበር። ከሁሉም በላይ ምስጋናውን በምስጋና ይክፈል፤ ሐውልት ያቁም፣ ጉርሻ ይስጥ፣ የክብር ዙር ያስዙር። ውሉን ለብቻው ይመርምር።

ሶልሻየር ከተሰናበተ በኋላ ቡድኑን በጊዜያዊነት የያዘው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ረዳቱ የነበረው ማይክል ካሪክ ነው። ሦስት ጨዋታ መራ፦ ዩናይትድን በዋንጫ ያሳዘነውን ቪያሪያልን በገዛ ሜዳው 2 ለ 0 አሸነፈ፣ ከቼልሲ ጋር 1 ለ 1 ወጣ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 2021 አርሰናልን 3 ለ 2 አሸነፈ። ገና ስታዲየሙ ሳይበተን፣ በዚያችው ሌሊት፣ ክለቡን መልቀቁን አስታወቀ።

 ጥያቄ ካለ ከኋላ ወንበር እጀምራለሁ።